የአየርላንድ የገጠር መንገዶች በሞተር ሳይክል፦ ከአምስቱ አካባቢዎች የትኛውን እንምረጥ?

የአየርላንድን ካርታ ዘርግቶ የሞተር ጉዞ የሚያቅድ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ ደሴቷን መዞር ነው። ካርታው ላይ ትንሽ ናት። ከደብሊን ጎልዌይ በአውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ታዲያ በአንድ ሳምንት ዙሪያዋን መጨረስ ምን ያቅታል?

ያቅታል። የምዕራቡን ጠረፍ ብቻ ይዞ ከኪንሴል እስከ ኢኒሾወን የሚዘልቀው «ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ» ወደ 2,500 ኪ.ሜ. ይሆናል። ይህን በሰባት ቀን ልጨርስ ያለ ሰው በቀን ከ350 ኪ.ሜ. በላይ መንዳት አለበት፤ ያውም ጠመዝማዛ ላይ። ባሕሩን ሳያይ፣ ከሞተሩ ሳይወርድ፣ ደክሞት አልጋው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምክሬ ገና ከጅምሩ ይኸው ነው፦ ደሴቷን አትዙሯት። አንድ ጥግ ምረጡና እሱን በደንብ እዩት።

የትኛውን ጥግ የሚለው ነው ከባዱ። የጉዞ ድርጅቶች ሁሉንም «እጅግ ውብ» ይሉታል። ውብ መሆኑስ እውነት ነው፤ ለመምረጥ ግን አይረዳም። ከዚህ በታች አምስት አካባቢዎችን በአንድ ሚዛን አስቀምጫለሁ፦ ቤራና ኬሪ፣ ኮኔማራና ማዮ፣ ዶኒጎል፣ አንትሪም፣ ዊክሎው። በተለይ ያሰብኩት ከለንደን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም በራሱ ሞተር ለሚመጣውና ከአሜሪካ በርሮ ለሚከራየው ወገን ነው።

## መጀመሪያ ሚዛኑ

ሰዓት። እዚህ አገር ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። መንገዶቹ በፊደል ይለያሉ። ኤም አውራ ጎዳና ነው፣ ኤን ዋና መንገድ፣ አር የክልል መንገድ፣ ኤል ደግሞ የመንደር መንገድ። የእኛ ጉዞ በአር እና በኤል ላይ ነው። እዚያ ላይ ለፎቶና ለሻይ ስትቆሙ፣ ከትራክተር ኋላ ስትሄዱ፣ አማካይ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪ.ሜ. ቢሆን ነው። በቀን ከ150 እስከ 200 ኪ.ሜ. ሙሉ ቀን ነው። ከዚያ በላይ ካቀዳችሁ ዕቅዱን እንደገና እዩት።

ጥበት። የአየርላንድ ተራሮች አጫጭር ናቸው። በዲንግል ያለው ታዋቂው የተራራ መተላለፊያ ኮነር ፓስ ከ460 ሜትር አይበልጥም። በሊማሊሞ ወይም በጣርማ በር ያለፈ ሰው በከፍታው አይደነቅም። የሚፈትነው ስፋቱ ነው። በአንዳንድ የኤል መንገድ ላይ አስፋልቱ ለአንዲት መኪና ብቻ ይበቃል። መሐሉ ላይ ሣር በቅሏል። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ኩርባውን ዞሮ የሚመጣውን አታዩም።

እዚያ ላይ ትራክተር ሲመጣባችሁ የሚሆነው ይህ ነው። ድምፁን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ። ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። በግራ በኩል የእርሻ በር ፈልጋችሁ እዚያ ጥግ ትይዛላችሁ፤ እዚያ ግን ጭቃ አለ፣ እግር የምታሳርፉበትን ቀድማችሁ እዩ። ትራክተሩ በዝግታ ያልፋል። ገበሬው ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብቻ ብድግ ያደርጋል። ሰላምታው እሱ ነው። እናንተም ራስ ነቅንቃችሁ ትመልሳላችሁ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ከተረጋጋችሁ ደስ ይላል፣ ከቸኮላችሁ ግን አደጋ ነው።

አውቶቡስ። የቱሪስት አውቶቡስ ባለበት ጠባብ መንገድ መንዳት ደስታ የለውም። ጥሩው ነገር፣ አውቶቡስ የማይገባባቸው መንገዶች ብዙ ጊዜ ለሞተር ምርጦቹ መሆናቸው ነው።

የዝናብ ቀን። ይዘንባል። ጥያቄው ሲዘንብ የምትሸሹበት ከተማ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ የሚለው ነው። ከዝናቡ ይልቅ የምዕራቡ ንፋስ ነው የሚያስቸግረው፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሞተሩን ወደ ጎን ይገፋል።

መግቢያ። ከመርከብ ወይም ከኤርፖርት እስከ መጀመሪያው ጥሩ ኩርባ ስንት ሰዓት ነው? ግማሽ ቀን አውራ ጎዳና ላይ የሚያልቅ ከሆነ የአራት ቀን ጉዞ ወደ ሦስት ይወርዳል።

ወረቀት። ይህን ብዙ መመሪያ ይዘለዋል፤ ለእኛ ግን ዋና ነው። ደሴቷ ላይ ሁለት አገር አለ። ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ናት። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፣ የመንገዱ ምልክት ብቻ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ይለወጣል። ሕጉ ግን አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአየርላንድ አንድ ቪዛ፣ ለሰሜኑ ደግሞ ሌላ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። አየርላንድ ሸንገን ውስጥ ስለሌለች የጀርመን ወይም የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባም። ከአየርላንድ ሌላ የሆነ የአውሮፓ ኅብረት አገር፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለውም ወደ ሰሜን ከመሻገሩ በፊት ኢቲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

## ቤራና ኬሪ፦ ደቡብ ምዕራቡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ፣ እዚህ አገር በግራ መንዳት ለማያስፈራው ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው። ስለ ኬሪ ሁሉም ሰምቷል፤ ስለ ቤራ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያወራው። ኬሪ አውራጃ ነው፤ ቤራ ደግሞ በኬሪና በኮርክ አውራጃዎች የተከፈለ ባሕረ ገብ መሬት ነው። «ሪንግ ኦፍ ኬሪ» የሚባለው 179 ኪ.ሜ. ዙሪያ መንገድ አውቶቡስ ይበዛበታል። አውቶቡሶቹ በልማድ ከኪላርኒ ተነስተው ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይዞራሉ። ቤራ ላይ ያሉት ጠባብ መንገዶች ግን ለአውቶቡስ አይመቹም። ስለዚህ ዙሪያውን ያላንዳች መጨናነቅ ትነዱታላችሁ። ርዝመቱ እንደምትመርጡት መንገድ ከ130 እስከ 150 ኪ.ሜ. ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

የቤራ ልብ ሂሊ ፓስ ነው፤ የመንገድ ቁጥሩ አር574። ከአድሪጎል ተነስቶ በካሃ ተራሮች በኩል ወደ ሎራህ ይወርዳል። ከፍታው 334 ሜትር ነው። ኩርባዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ፣ አስፋልቱ ጠባብ ነው፣ በጎች መንገዱ ላይ ይተኛሉ። ጫፉ ላይ ነጭ የስቅለት ሐውልት አለ፤ የኮርክና የኬሪ ወሰንም እዚያው ነው። ወደ ደቡብ የባንትሪ ባሕረ ሰላጤ ይታያል፣ ወደ ሰሜን የግላንሞር ሐይቅ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ብትነዱት ሐይቁ ድንገት ከፊታችሁ ይገለጣል። እኔ ይህንን አቅጣጫ እመርጣለሁ።

መንገዱ የተጀመረው በ1847 ነው፤ በታላቁ ረሃብ ዘመን። የተራበው ሕዝብ ለጥቂት ሳንቲም ድንጋይ እየፈለጠ የሠራው ነው። በአየርላንድ ምዕራብ እንዲህ ዓይነት መንገድ ብዙ አለ። ስሙን ያገኘው ቆይቶ ከቲም ሂሊ ነው፤ የአየርላንድ ነፃ መንግሥት የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ ከነበረው።

ወደ ባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ ስትሄዱ አላሂስ የሚባል መንደር ታገኛላችሁ፤ የድሮ የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች አሁንም ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ማዕድኑ ሲያልቅ ሠራተኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ወዳለችው ቢዩት ተሰደዱ። ከዚያ ወዲያ ደርሲ ደሴት ናት፤ በኬብል ላይ በተንጠለጠለች ሳጥን ባሕሩን ተሻግረው ይገባሉ። ነዳጅ ካስልታውንቤር ላይ ሙሉ። ከዚያ በኋላ ማደያ ማግኘት ዕድል ነው።

ኬሪንም አትተዉት፤ በመሐሉ ግቡ እንጂ። ባላቤማ ጋፕ በዐለት መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ቱሪስት አያውቀውም። ሞልስ ጋፕ ሰፊና ምቹ ነው፣ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እለፉት። ዲንግል ላይ ኮነር ፓስን ከዲንግል ከተማ ስትወጡት ሰፊ ነው፤ ጫፉን ስታልፉ ግን ዐለቱ አስፋልቱ ላይ ያጎነብሳል፣ መንገዱም ለአንድ መኪና ብቻ ይሆናል። ከ2 ቶን በላይ ለሆነ ተሽከርካሪ ክልክል ስለሆነ አውቶቡስ አያጋጥማችሁም። በስሌይ ሄድ ዙሪያ ደግሞ የሚመከረው በሰዓት አቆጣጠር መዞር ነው፤ ሁሉም እንዲያ ስለሚሄድ እናንተም ተከተሉ።

መግቢያው ጥሩ ነው። ከፈረንሳይ ሮስኮፍ የሚነሳው መርከብ ኮርክ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ እስከ ግሌንጋሪፍ መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሲዘንብ ኬንሜር ወይም ኪላርኒ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። ድክመቱ የኪላርኒና የዲንግል ዋጋ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ አልጋ ውድ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ቤራ ግን ይቀንሳል።

## ኮኔማራና ማዮ፦ ሰፊው ሜዳ

እዚህ አጥር የለም። ዛፍም የለም ማለት ይቻላል። ቡናማ ረግረግ፣ ሐይቅ፣ ከኋላ «አሥራ ሁለቱ ቤኖች» የሚባሉት ተራሮች። ኩርባው ሁሉ ከሩቅ ስለሚታይ በጠባብ መንገድ ለሚጨነቅ ሰው ይቀላል። ነገር ግን አስፋልቱ ረግረግ ላይ ስለተሠራ ሞገድ ነው። በ80 ስትነዱት ሞተሩ ከስር ይነሳል፣ ይወርዳል። ሻንጣ ጭናችሁ ከሆነ የኋላውን ሰስፔንሽን ጠበቅ አድርጉት።

በኢናህ ሸለቆ የሚያልፈው አር344 በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል ይሄዳል። ክሊፍደን ዙሪያ ስካይ ሮድ አለ። ከክሊፍደን ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው የዴሪጊምላ ረግረግ በ1919 አልኮክና ብራውን አትላንቲክን ያለማቋረጥ በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አቋርጠው ያረፉበት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አር335ን ልንገራችሁ። ከሊናን አጠገብ ተነስቶ በዱሎክ ሸለቆ ወደ ሉዊስበርግ ይሄዳል። በስተግራ ሐይቅ፣ በስተቀኝ ተራራ፣ መሐል መንገዱ ብቻ። በ1849 የተራቡ ሰዎች እርዳታ ይሰጣችኋል ተብለው ከሉዊስበርግ በእግር በዚህ ሸለቆ ሄዱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ሞቱ። የመታሰቢያ ድንጋይ መንገዱ ዳር አለ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1991 ይህንን መንገድ በእግራቸው ሄደውታል፤ እሱም እዚያው ተጽፏል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁሙ። ስለ ረሃብ ከወላጆቹ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ሸለቆ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጊዜ ካላችሁ ወደ አኪል ደሴት ተሻገሩ። ድልድይ አለው። መንገዱ ኪም በሚባል የባሕር ዳርቻ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በገደል አፋፍ ላይ ናቸው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ከኋላ ከተቀመጠ ቀድማችሁ ንገሩት።

ድክመቱ ንፋሱ ነው። ሜዳው ላይ መከለያ የለም። ሲዘንብ ዌስትፖርት ወይም ጎልዌይ መሸሽ ይቻላል፤ ሁለቱም መቀመጫ የማያጡ ከተሞች ናቸው። ከደብሊን ክሊፍደን ወደ 280 ኪ.ሜ. ነው፣ አብዛኛው አውራ ጎዳና።

## ዶኒጎል፦ ሩቁና ባዶው

ጊዜ ላለው፣ ጠባብ መንገድ ለለመደ ሰው ከአምስቱ የሚበልጠው ዶኒጎል ነው ብዬ አምናለሁ። አውቶቡስ ጥቂት ነው። መንገዱ ብዙ ነው። ከግሌንኮልምኪል ወደ አርድራ ስትሄዱ ግሌንጌሽ ፓስ ላይ ትደርሳላችሁ። በረዶ የጠረበው ሸለቆ ከስር ይዘረጋል፣ መንገዱም በተጣጠፉ ኩርባዎች ይወርዳል። በሁለተኛ ማርሽ ውረዱት፤ ፍሬን ብቻ አትመኑ፣ ጠጠር ኩርባው ላይ ይጠራቀማል።

የስሊቭ ሊግ ገደል 601 ሜትር ነው፣ ከባሕር ቀጥ ብሎ የሚነሳ። የኤሪጋል ተራራ 751 ሜትር ነው፤ በሥሩ የሚያልፈው መንገድ ወደ ግሌንቬይ ብሔራዊ ፓርክ ይወስዳል። ሰሜን ጫፍ ላይ ኢኒሾወን አለ፣ ዙሪያው 160 ኪ.ሜ.። ማሊን ሄድ የደሴቲቱ የመጨረሻ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። እዚያው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ማሞር ጋፕ አለ፤ አጭር ነው፣ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ ሰው ጭኖ ለሚነዳ ጀማሪ አልመክረውም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በምዕራብ ዶኒጎል የመንገድ ምልክቱ በአይሪሽ ቋንቋ ብቻ ነው። ደንግሎ የምትባለውን ከተማ ስትፈልጉ ምልክቱ ላይ የምታገኙት «አን ክሎሃን ሊያ» የሚል ነው። ሁለቱንም ስም የያዘ የወረቀት ካርታ ያዙ፤ ኔትወርክም በየሸለቆው ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ከደብሊን ወደ ዶኒጎል የሚወስደው አጭሩ መንገድ በሰሜን አየርላንድ ውስጥ ያልፋል። ስልካችሁ ሳይጠይቃችሁ በዚያ ይወስዳችኋል። የእንግሊዝ ቪዛ የሌለው ሰው በኤን4 ስላይጎ ገብቶ በኤን15 ወደ ሰሜን ይውጣ። ይረዝማል፣ ግን ከሪፐብሊኩ አይወጣም። በተመሳሳይ ከግሪንካስል የሚነሳው ጀልባ ማዶ ሲያወርዳችሁ ሰሜን አየርላንድ ናችሁ።

ሲዘንብ ዶኒጎል ይከብዳል። ከተሞቹ ትናንሽ ናቸው፣ እርስ በርስም ይራራቃሉ። አንድ የትርፍ ቀን ያዙለት።

## አንትሪምና ዊክሎው

አንትሪም ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነው፤ ፓውንድና ማይል። መንገዱ ከአምስቱ ሁሉ የተደላደለ ነው። የባሕሩ ዳር መንገድ ሰፊ ነው፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው። ጠባቡን የፈለገ ከኩሸንደን ወደ ባሊካስል በቶር ሄድ በኩል ይሂድ፤ አየሩ ሲጠራ የስኮትላንድ መሬት 20 ኪ.ሜ. ገደማ ማዶ ይታያል። ጃይንትስ ኮዝዌይ 40,000 ያህል የባዛልት ዓምዶች ያሉት የዓለም ቅርስ ነው፤ ሰው ግን ይርመሰመስበታል።

ሞተር ለሚወድ ሰው አካባቢው ሌላ ትርጉም አለው። በሜይ «ኖርዝ ዌስት 200» የሚባለው ውድድር በሕዝብ መንገድ ላይ ይካሄዳል። ባሊመኒ ውስጥ የጆይ ደንሎፕ መታሰቢያ አለ፤ በማን ደሴት ቲቲ በሚባለው የሞተር ውድድር 26 ጊዜ አሸንፎ በ2000 በኢስቶኒያ ታሊን ውስጥ በውድድር ላይ ያረፈው። ክብረ ወሰኑን በ2024 ያለፈው የወንድሙ ልጅ ማይክል ደንሎፕ ነው።

ዊክሎው ደግሞ ከደብሊን አንድ ሰዓት አይርቅም። ከ1798ቱ ዐመፅ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ተራራ ላይ የተሸሸጉ ዐመፀኞችን ለመያዝ የሠራው «ሚሊተሪ ሮድ» ዛሬ አር115 ነው፤ በሳሊ ጋፕ በኩል ያልፋል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የግሌንዳሎክ ገዳም እዚያው ነው፤ ዘጠኙ ቅዱሳን በእኛ አገር ገዳም ሲያስፋፉ ከነበረበት ዘመን ብዙም አይርቅም። ለሁለት ቀን በቂ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የደብሊን ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ በሥራ ቀን ሂዱ።

## በአንድ እይታ

| አካባቢ | ጥበት | አውቶቡስ | መግቢያ | ሲዘንብ | የእንግሊዝ ፈቃድ | የሚበቃ ቀን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቤራና ኬሪ | ከመካከለኛ እስከ በጣም ጠባብ | ቤራ ጥቂት፣ ኬሪ ብዙ | ኮርክ፣ ቅርብ | ኬንሜር፣ ኪላርኒ | አያስፈልግም | 4–5 |
| ኮኔማራና ማዮ | መካከለኛ፣ ሞገድ ያለው | መካከለኛ | ደብሊን፣ ግማሽ ቀን | ጎልዌይ፣ ዌስትፖርት | አያስፈልግም | 3–4 |
| ዶኒጎል | ጠባብ፣ ዳገታማ | ጥቂት | ደብሊን፣ ግማሽ ቀን ወይም በላይ | መሸሻው ሩቅ | በስላይጎ ከተሄደ አያስፈልግም | 5–6 |
| አንትሪም | ሰፊ፣ ከቶር ሄድ በስተቀር | ብዙ | ቤልፋስት፣ ቅርብ | ቤልፋስት | ያስፈልጋል | 2–3 |
| ዊክሎው | መካከለኛ | መካከለኛ | ደብሊን፣ በጣም ቅርብ | ደብሊን | አያስፈልግም | 1–2 |

## የራስ ሞተር፣ ኪራይ ወይስ ከአስጎብኚ ጋር?

ከፈረንሳይ ወይም ከእንግሊዝ ተነስቶ ከአምስት ቀን በላይ ለሚቆይ ሰው የራስ ሞተር ያዋጣል። ሞተሩን ታውቁታላችሁ፣ ልብሱን ጭናችሁ ትመጣላችሁ። ከሆሊሄድ ወደ ደብሊን፣ ከሼርቡርግ ወደ ሮስሌር መርከብ አለ። ለአራት ቀን ብቻ ከሆነ ግን በርሮ መከራየት ይሻላል። ትልቅ ሞተር በቀን ከ100 ዩሮ በላይ እንደሚሆን አስቡ። ሞተሩ ቢወድቅ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት መጠን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዩሮ ይበልጣል፤ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ያንን ቁጥር ፈልጉ። ወደ ሰሜን መሻገር ከፈለጋችሁም በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ስትከራዩ ትልቁን አትምረጡ። ከ500 እስከ 800 ሲሲ ለእነዚህ መንገዶች ይበቃል። ሁለት የብረት ሻንጣ የተሸከመ ከባድ ሞተር በጭቃ ላይ፣ የእርሻ በር ጥግ ማቆም ያደክማል። ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ውድ ነው፤ በግራ መንዳት ለሚያስፈራው ሰው ግን ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም። ስለ ግራ ስናነሳ፣ ስህተት የሚመጣው ከተማ ውስጥ አይደለም። ጠዋት ከማደሪያ ስትወጡና ነዳጅ ቀድታችሁ ስትነሱ ነው፤ መስመር በሌለው ባዶ መንገድ እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል። ታንኩ ላይ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት ለጥፉ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ አንድ ቦታ አርፎ በየቀኑ ዙሪያ መንዳት ለቤራና ለኮኔማራ ይሠራል። ኬንሜር ላይ ሦስት ሌሊት ብታርፉ ሻንጣውን ትታችሁ በቀላል ሞተር ቤራን፣ ባላቤማን፣ ዲንግልን ታያላችሁ። ዶኒጎል ላይ ግን ረጅም ስለሆነ በየቀኑ ቦታ መቀየር ይሻላል።

## ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ የሚነዳ፣ አራት ቀን ያለው፦ ኮኔማራ። ክፍት ነው፣ ከሩቅ ይታያል።

ከኋላ የትዳር አጋሩን የሚጭን፦ ኬንሜርን ማረፊያ አድርጎ ቤራ። ቀኑ አጭር ይሆናል፣ ማታ ጥሩ ምግብ አለ።

ልምድ ያለው፣ ብቸኝነትን የሚወድ፣ ሳምንት ያለው፦ ያለ ጥርጥር ዶኒጎል።

ከለንደን ወይም ከግላስጎው ለረጅም ቅዳሜና እሑድ የሚመጣ፣ የእንግሊዝ ወረቀት ያለው፦ አንትሪም። ከኬርንራያን መርከብ ይዞ ላርን ወይም ቤልፋስት ይወርዳል፤ ከዚያ መንገዱ ወዲያው ይጀምራል።

ደብሊን ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የመጣ፣ አንድ ቀን የተረፈው፦ ዊክሎው በሥራ ቀን።

ኪሱ የሳሳ፦ የራስ ሞተር፣ ድንኳን፣ ቤራ ወይም ዶኒጎል፣ በሜይ። ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋና ቁርስ ያለው ክፍል በወቅቱ ከ100 ዩሮ ወዲህ ወዲያ ነው፤ ድንኳን የዚህን ጥቂቱን ነው የሚጠይቀው። ከሁለት ሌሊት አንዱን ግን ጣሪያ ሥር እደሩ፤ እርጥብ ልብስ ድንኳን ውስጥ አይደርቅም።

## ወቅትና ቁርስ

ሜይና ጁን ምርጦቹ ናቸው። በጁን ማታ አራት ሰዓት ላይ ገና ብርሃን ነው፤ ተረጋግቶ መንዳት ይቻላል። ኦገስት ይበዛል፣ ይወደዳል። ለሚጾም ሰው ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ጾመ ፍልሰታ ነው። የአይሪሽ ቁርስ እንቁላል፣ የአሳማ ሥጋና ከአሳማ ደም የሚሠራ ብላክ ፑዲንግ ነው። ሶዳ ብሬድ የሚባለው ቡናማ ዳቦም በአሬራ ስለሚቦካ ለጾም አይሆንም። ማታ ስትገቡ ለባለቤቷ ንገሯት፦ አጃ በውሃ፣ ባቄላ፣ በዘይት የተጠበሰ ቲማቲምና እንጉዳይ። ቀድሞ ለተነገራቸው አይቸግራቸውም።

ፍጥነትም አትርሱ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በሪፐብሊኩ የመንደር መንገድ ገደብ ከ80 ወደ 60 ኪ.ሜ. ወርዷል። ሞተር በኤም50 የደብሊን ዙሪያ መንገድ ላይ አይከፍልም።

የማስያዙ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ ቪዛ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ መርከብ ወይም ኪራይ፣ ከዚያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሌሊት አልጋ። የመሐሉን ሌሊቶች በሜይ ከሆነ ክፍት መተው ትችላላችሁ፤ በጁላይና በኦገስት ግን ሁሉንም ቀድማችሁ ያዙ።